ሳልሽ በእኔ ጉሮሮ

ዘሀራዬ፣

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስጽፍ ስለኖርኩ መክፈቻውን ሳላስበው ነው እጄ የሚጽፈው፤ «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፤ እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» ይላል። ላንቺም እንዲሁ ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። ያንቺን ጤና መጠየቅ ነውር መሰለኝ፤ እኔ ደህና ነኝ ማለት ደግሞ ውሸት ነው። ስለዚህ በቀጥታ ልግባ። ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። ያን ቀን ተኩሱ መንገዱን ስለዘጋው ወደ መቃብር ስፍራ ሊወስድሽ የደፈረ መኪና አልነበረም። እኔና ሙአዚኑ ሆነን ከመስጊዱ አጥር ጀርባ፣ ከኒም ዛፉ ሥር አሳረፍንሽ። በየጁምዓው እመጣለሁ። ከሰፈራችን ከአርካዊት ነዋሪ ሁሉ ጤነኛው ኒሙ ነው።

ስለ ቤታችን ልንገርሽ። አንቺን ከቀበርኩ በኋላ ኦምዱርማን ተሻግሬ ከአገር ልጆች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ሰነበትኩ። ጦርነቱ ከከተማው ሲርቅ ተመለስኩ። ዘራፊዎቹ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ፍራሹን፣ ከግድግዳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦውን፣ የመጸዳጃ ቤቱን በር ሳይቀር ወስደዋል። መጽሐፎቼን ግን አንዱንም አልወሰዱም። አንዱን ብቻ ከመደርደሪያ አውርደው፣ ገልጠው፣ መልሰው አስቀምጠውታል። በሕይወቴ እንዲህ በጨዋነት ተሰድቤ አላውቅም።

ከእኛ መንገድ ሃያ ቤት መካከል ሰው ያለባቸው አራቱ ናቸው። የቀሩት ክፍት ናቸው። ነፋስ ሲነሳ ባዶዎቹ ቤቶች በራቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ እንግዳ የሚሸኙ ይመስላሉ። ድሮ ባለሦስት እግሩ ረክሻና ጄኔሬተሩ የሚውጠው ድምፅ ሁሉ አሁን ይሰማል። ሦስት ቤት ወዲያ ማንኪያ ቢወድቅ በየትኛው ክፍል እንደወደቀ ልነግርሽ እችላለሁ። ይህን ልብ በዪልኝ፤ የሚቀጥለው ነገር የተከሰተው በዚህ ጸጥታ ውስጥ ነው።

ሌላው ወሬ፦ እኔም ስኳር አለብኝ። ዓይነት ሁለት፣ ያንቺው ዓይነት። ሻይዬ ላይ አራት ማንኪያ ስጨምር «የእኔን ድርሻ ነው የምትጠጣው» ትዪኝ ነበር፤ ድርሻሽን ጨርሼ ወደ ራሴ ገባሁ ማለት ነው። እግሬ ሲደነዝዝብኝ፣ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ሳላውቀው አሥር እርምጃ ስሄድ ነው ሐኪም ቤት የሄድኩት። አንዲት ወጣት ሐኪም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ ሥራ ጀምራለች። የደም ግፊቴን ለካች፣ ፊቷን ቋጠረች፣ እንደገና ለካች። ላይኛው አንድ መቶ ሰባ፣ ታችኛው መቶ።

«ስኳር የደም ሥርን ከውስጥ ያሻክረዋል» አለችኝ። «ግፊቱ ደግሞ በሻከረው ላይ ይገፋዋል። ትልልቆቹ ሥሮች ወደ ልብና ወደ አንጎል ይሄዳሉ፤ ቀጫጭኖቹ ወደ ዓይንና ወደ ኩላሊት። ስኳሩን ብቻ ብታወርድ ግማሽ ሥራ ነው፣ ያ ሐጅ።» ምንም አያመኝም አልኳት። «እኮ! ስለማያምህ ነው የምትወስደው» አለችኝና አንዲት ክኒን በመዳፌ ላይ አኖረች። ነጭ፣ ክብ፣ መሐሏ ላይ መስመር ያላት። ስሟን ከመናገሯ በፊት አወቅኋት። ኢናላፕሪል። ያንቺዋ ናት።

ከዚያ ሐኪሟ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች። ያን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ መጀመሪያ የሰማሁት ካንቺ ጋር ተቀምጬ ነው። እመለስበታለሁ። ልዘለው ብዬ አይደለም፤ መዝለሉን ከዚህ በፊት ሞክሬዋለሁ።

ክኒኑን በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ሐጃ ነፊሳ ከፖርት ሱዳን ተመለሰች። ጎረቤታችን ከተማውን ለቃ ስትወጣ አንቺ ደህና ነበርሽ፤ ለመንገዷ ቂጣ ጠቅልለሽ የሰጠሻት አንቺ ነሽ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገራት የለም። በማግስቱ ከግድግዳው ማዶ ጮኸች፦ «ያ ሰይድ! ዘሀራ ያ ሳሏ አሁንም አልለቀቃትም እንዴ? ትናንት ከዐስር ሶላት በኋላ ሰማኋት። ወላሂ ሰላም ሳትለኝ! ኩራት ነው ወይስ ጥርሷ ወልቆ አፈረች?» ከዚያ በግድግዳው ላይ አንድ ጆግ ቀይ የከርከዴ አበባ ጭማቂ መጣ። «ቀዝቃዛውን ነው የላክሁላት፤ ለግፊቷ። ትኩሱ ያወጣዋል፣ ቀዝቃዛው ያወርዳል፤ ንገራት።»

ይህን የከርከዴ ሕክምና ሁለታችሁ በግድግዳው ላይ ስትማማሩ የሰማሁ እኔ ነኝና ለክርክር አልገባሁም። ጆጉን ተቀበልኩ። ሞተች ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ቀላል ነው፤ በአማርኛም በዐረብኛም አውቀዋለሁ። ግን ሴትዮዋ ሰማኋት እያለች ነው። አፌን ስከፍት የወጣው «ተኝታለች» የሚል ነው። ይህን ደግሞ ፍጹም ውሸት ነው ለማለት ይከብዳል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከርከዴ ይመጣ ጀመር፤ ከጆጉም ጋር ሰላምታ። በእኔ መልስ በየቀኑ ትተኚያለሽ፣ ትታጠቢያለሽ፣ ትሰግጃለሽ። አንድ ቀን ገበያ ላክሁሽ። ጆጉን የምጠጣው እኔ ነኝ።

ሳሉን በጆሮዬ የያዝኩት ከቀን እንቅልፍ ስነሳ ነው። በዐንግሬቡ፣ በገመድ አልጋዬ ላይ፣ ዓይኔን ስገልጥ የአንድ ሳል ጭራ ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ሰው ወጥቶ በሩ ገና ያልቆመ ያህል። በማግስቱ ላለመተኛት ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አንቺ ከሥራ በምትገቢበት ሰዓት፣ ጉሮሮዬን አንድ ነገር ቧጠጠው። ሁለት አጫጭር፣ ደረቅ፤ ሦስተኛው ሊወጣ ሲል ተዋጠ።

ሐኪሟ ያስጠነቀቀችኝ ስለ ሳል ነበር እንጂ ስለ አንቺ ሳል አልነበረም።

እኔ ሁለት ጊዜ አስዬ ሦስተኛውን የምውጥበት ምን ምክንያት አለኝ? አንቺ ነበረሽ። ማዳም ቤት ወጥ ስትሠሪ፣ ከኋላሽ ልጆቹ ሲበሉ፣ ሁለቱ ያመልጡሻል፤ ሦስተኛውን በጦብሽ፣ በመጎናጸፊያሽ ጫፍ አፍነሽ ትውጫለሽ። ኋላ ቤታችንም ስትመጪ እንደዚያው ቀረ። የእኛ አገር ሴት በሰው ወጥ ቤት ቆማ አንዴ ካሳለች ወሬው ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ቀኑ ሳይመሽ ልብሷን በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ናት። ከአንቺ በፊት እዚያው ቤት የነበረችው የከሚሴዋ ልጅ እንዲያ ነው የወጣችው። ኋላ ስትመረመር ጉንፋን ሆነ። ማንም ተመለሽ አላላትም።

እንግዲህ ወደዚያ ዓረፍተ ነገር።

ሙያዬን ታውቂዋለሽ፤ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሌላ ሰው ካለ ግን ይወቅ። በሱቅ ዐረቢ ገበያ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ነበረኝ። የኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ቅጽ እሞላለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ፖሊስ ጣቢያና ሐኪም ቤት ገብቼ ለአገሬ ልጆች አስተረጉማለሁ። ጎበዝ ነበርኩ፤ ጎበዝ የሆንኩት ደግሞ በመዝለል ነው። ፖሊሱ ሲሳደብ ስድቡን እዘላለሁ። ልጁ ሲመልስ መልሱን እዘላለሁ። ሁለቱም ተከባብረው ይለያያሉ። ሰው የሚያስደነግጥ ቃል ሲመጣ መሐሉን አውጥቼ ዳርና ዳሩን እሰፋ ነበር፤ ይህን ደግነት ብዬ ነበር የምጠራው።

አንቺ የወጥ ቤትና የገበያ ዐረብኛሽ ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ የሐኪም ዐረብኛ ላይ ግን ወደ እኔ ዞርሽ። ያኔ ያየሽ ሽማግሌ ሐኪም አራት ነገር ተናገረ። ሦስቱን ነገርኩሽ፤ ስኳርሽ ከግፊት ጋር ሆኖ ሥሮችሽን እንደሚጎዳ፣ ክኒኗ ግፊቱን አውርዳ ኩላሊትሽንም እንደምትጠብቅ፣ ደህና ነኝ ብለሽ እንዳታቆሚ። አራተኛውን ዘለልኩት። የከሚሴዋ ልጅ ነገር ገና ትኩስ ነበር፤ ሳል የሚል ቃል ከሰማሽ ክኒኑን እንደማትነኪው አወቅሁ። አወቅሁ ብዬ አሰብኩ።

ስንት ዓመት ዘግይቼ እነሆ ትርጉሙ፦ «ይህች ክኒን አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ታመጣለች። የሳንባ በሽታ አይደለም፣ ወደ ሰውም አይተላለፍም። ካስቸገረሽ ግን በራስሽ እንዳታቆሚው፤ ወደ እኔ ተመለሺ። ሥራዋን የምትሠራ፣ ሳል የማታመጣ ሌላ አለች፤ በእሷ እቀይርልሻለሁ።»

ይኸው ነው። ለመናገር የአንድ ደቂቃ ሩብ አይፈጅም።

ማሳል ስትጀምሪ «የአሸዋ ማዕበሉ፣ የሃቡቡ አቧራ ነው» አልኩሽ። አቧራ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። እውነቱን ብናገር «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም» ትዪኛለሽ፤ ላንቺ መልስ ከምፈልግ አቧራው ይሻለኝ ነበር። አንቺ ግን ያለ አስተርጓሚ ደረስሽበት። ጥቂት ቀን ክኒኑን ተውሽው፣ ሳሉ ለቀቀሽ። እንደገና ዋጥሽ፣ ተመለሰ። ማዳም ቤት ያለውን እንጀራሽንና ክኒኑን መዘንሽ፤ ሌላ አለች ብሎ የነገረሽ ስለሌለ ምርጫው ሁለት ብቻ መሰለሽ።

ብልሃትሽን አደንቃለሁ። ጠዋት ጠዋት የክኒኑን የብር ወረቀት ገልጬ እንደምቆጥር ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ በየቀኑ አንዷን እያወጣሽ አኖርሻት። ሽማግሌው ሐኪም ግፊትሽ አልወርድ ሲለው «ትወስዳለች?» አለኝ። «አንድ ቀን አላጎደለችም» ብዬ መሰከርኩ። መጠኑን ጨመረልሽ፤ የማትወስጂውን ክኒን እጥፍ አደረገው። አንቺ መሬት መሬት ታዪ ነበር። እኔ ትሕትና መሰለኝ።

ከዚያ ያቺ ጠዋት። ሰፈሩ ተዘግቶ፣ ሐኪም ቤቱ ተዘግቶ፣ ሻይ ልትቀጂልኝ ብርጭቆ አንስተሽ ቀኝ እጅሽ ረሳው። ቀኑን ሙሉ በግራ ዓይንሽ አየሽኝ። ልትነግሪኝ የፈለግሽው ነገር ነበር፤ አፍሽ አልታዘዘሽም። ከሁለት ቋንቋ አንዱንም አላገኘሁት።

ከኦምዱርማን ስመለስ ነው የተረዳሁት። ዘራፊዎቹ ወርቅ ሲፈልጉ የሒና ቆርቆሮሽን ከፍተው መሬት ላይ ዘርግፈውታል። ከሒናው ሥር የነበረው ወርቅ አይደለም። ወለሉ በሙሉ ነጭ ክብ ክኒን ነበር፤ ሒናው ነክቷቸው አንዳንዶቹ ቀልተዋል። ተዝረክርከው የተዋቸው ምን እንደሆኑ ሳይገባቸው ነው። ገብቶኝ ተንበርክኬ የለቀምኳቸው እኔ ነኝ። ቤታችን ሌባ ባይገባ ኖሮ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር፤ ዘሀራ ክኒኗን አንድ ቀን አላጎደለችም እያልኩ እሞት ነበር።

እንግዲህ ሳልሽ ተመልሶ ሲመጣ ምን ላድርግ? ትክክለኛውን አውቃለሁ፤ በሁለት ቋንቋ ተነግሮኛል። ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ማስቀየር ነው። አልሄድኩም። ከዐስር ሶላት በኋላ ዐንግሬቡ ላይ ተቀምጬ እጠብቅ ጀመር። አንድ ሰሞን ሳሉ ቀነሰብኝ። ቅር አለኝ፤ ስለዚህ ክኒኗን ሁለት አደረግኋት። ያነበብኩ፣ ጺሙ የሸበተ ሰው ነኝ፤ የሞተች ሚስቱ እንድታስል የግፊት ክኒን እጥፍ የሚውጥ። ከላዩ የሐጃ ነፊሳ ከርከዴ አለ።

በአራተኛው ቀን ከዚሩ፣ ከሸክላ ጋኑ ውሃ ልቀዳ ጎንበስ ብዬ ስነሳ ሰማዩ ወደ ጎን ሄደ። ግቢው መሐል ጉንጬ አሸዋ ላይ ሆኖ አገኘሁት። አፌ በአሸዋ ተዘግቷል፤ መተንፈስ እንጂ ማሳል የምችል አልነበርኩም። ያኔ ከወጥ ቤቱ ሰማሁት። ሁለት አጫጭር፣ ደረቅ። ከዚያ ሦስተኛው፤ ሳይታፈን፣ ሳይዋጥ፣ ጮክ ብሎ፣ ደረትን ከፍቶ የሚወጣ። ማንንም የማይፈራ ሰው ሳል።

ሐኪሟ ኋላ «አንጎልህ ደም አንሶት ነው» አለችኝ። ሊሆን ይችላል።

ሐጃ ነፊሳም ሰምታ ኖሯል፤ በሩን ገፍታ ገባች። አንሥታ አስቀመጠችኝ፣ ውሃ ረጨችኝ፣ ዙሪያዋን አየች። «ባሏ መሬት ላይ ወድቆ እሷ ወጥ ቤት ቆማ ታስላለች! ያ ዘሀራ!» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ከክፍል ወደ ክፍል ስትሄድ እግሯን እሰማለሁ። ስትመለስ ቀስ ብላ ነው የመጣችው። አንድም ልብስሽን፣ አንድም ጫማሽን ያላየች ሴት ነገሩ ገባት።

«መቼ?» አለችኝ።

«አንቺ በወጣሽ በአምስተኛው ወር።»

አሸዋው ላይ ተቀመጠች። «ታዲያ ማን ነው ሲያስል የነበረው?» አለች።

«እኔ ነኝ ሐጃ። መድኃኒቱ ነው።»

«ሂድ ወዲያ። ያንተን ሳል ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ጭነት መኪና ሲነሳ ነው። እኔ የሰማሁት የሴት ሳል ነው» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ያን ሁሉ ከርከዴ ማን እንደጠጣው ስነግራት ደግሞ እያለቀሰች ሰደበችኝ። ስድቡን አልተረጉመውም፤ ይህ መዝለል ይፈቀድልኝ።

ራሷ ናት ረክሻ ፈልጋ ሐኪም ቤት የወሰደችኝ። ሐኪሟ ስንት እንደዋጥኩ ሰምታ ስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለምን አለችኝ። ከዚህ በፊት ለብዙ ሐኪም የብዙ ሰው ለምን ተርጉሜያለሁ፤ የራሴ ግን በየትኛውም ቋንቋ አልወጣልኝም። ክኒኑን ሎሳርታን በምትባል ቀየረችው። «ሥራዋ ያው ነው፣ ሥሮችህንና ኩላሊትህን ትጠብቃለች። ሳሉ ግን በአንድ ጊዜ አይሄድም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ታገሥ» አለች። ታገሥ ስትለኝ እያጽናናችኝ ነው። የተረፈኝ ያ ብቻ መሆኑን አላወቀችም።

ከአሮጌዋ ክኒን ስድስት ቀርተውኝ ነበር። ኪሴ ውስጥ ነበሩ። አንዷን ብቻ ላስቀር አሰብኩ፤ ለዒድ ቀን ዓይነት። ከዚያ የሒና ቆርቆሮሽ ትዝ አለኝ፤ በዚህ ቤት ክኒን የሚደብቅ ሰው አንድ ይበቃል። ስድስቱንም ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኳቸው።

ሳሉ እንዳለችው ቀስ ብሎ ነው የሄደው። መጀመሪያ ሁለቱ አንድ ሆኑ። ከዚያ ጉሮሮዬን ነክቶኝ ብቻ ያልፍ ነበር፤ እንደ ሰው ስም ምላስ ላይ ደርሶ እንደሚጠፋው። ዛሬ ከጠፋ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ያው እቀመጣለሁ። ሰፈሩ ጸጥ ይላል፣ በሮቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ምንም አይመጣም። ግፊቴ አንድ መቶ ሠላሳ በሰማንያ ገብቷል። ሐኪሟ ደስ አላት። እኔም ደስ ብሎኛል አልኳት፤ በከፊል እውነት ነው።

ዘሀራዬ፣ ይቅር በይኝ አልልሽም፤ መልሱን ራሴ አስተርጉሜ ራሴን እምር ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ከምችለው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ቅዳሜ ከድጃ ከምትባል የባቲ ሴት ጋር ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ከተመለሱት ቤተሰቦች አንዱ ዘንድ ወጥ ትሠራለች፤ ስኳርና ግፊት ወጥቶባታል፤ ዐረብኛዋ ስለማይበቃ አስተርጉምልኝ ብላኛለች። ሐኪሟ የምትለውን ሁሉ እነግራታለሁ፣ ሳሉንም ጭምር። ትፈራለች። ትፍራ፤ ፍርሃቷ እስኪያልፍ አብሬያት እቀመጣለሁ። ክኒኑን ወሰደች ብዬም ለማንም አልመሰክርም፤ ራሷ ትናገር። አንተ ይህን ከየት አወቅህ ካለችኝ፣ ከዘሀራ ይማም ነው እላታለሁ፤ ስምሽን ከነአባትሽ እጠራላታለሁ። ስንመለስም የት እንዳለሽ አሳያታለሁ፤ መንገዳችን ላይ ነው።

ሰይድሽ